ማሽን የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው

(በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ አካባቢ፣ ለድኅረ መሠረተ ትምህርት የማታ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው የኮምፒዩተር ሶፍትዌርን ታሪክ ነው። ርዕሱን ስትሰሙ «ይህ ለተማረ ሰው እንጂ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሐሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ሶፍትዌር ከመርካቶ ውጭ ያለ ነገር አይደለም። በስልክ ገንዘብ ስትልኩና ስትቀበሉ፣ ባንክ መስኮት ላይ ስትቆሙ፣ ግብር ስትከፍሉ ከሶፍትዌር ጋር ትገናኛላችሁ። «ሲስተም የለም»፣ «ሲስተሙ እንቢ አለ» ሲሏችሁም የሚናገሩት ስለ እርሱ ነው።

እኛ ለማስተማር የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ርዕስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በውይይት ጊዜ ከእናንተ መካከል «ማሽን ያለው ትክክል ነው፤ ማሽን አይሳሳትም» የሚሉ አሉ። «ኧረ ማሽን አይታመንም፤ እኔስ ከወረቀቴ አልለይም» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት አንድ ነገር አለ። ማሽን ከራሱ አፍልቆ የሚናገረው ነገር የለውም። የሚያውቀው ሰው የጻፈለትን ብቻ ነው። ደግ ከጻፉለት ደግ ይሠራል፤ ስሕተት ከጻፉለት ስሕተቱን ሳይታክት ይደጋግማል፤ ጨርሶ ያልተጻፈለትን ደግሞ አያውቀውም። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። በውጭ አገር የተፈጸመውን ነገር በፈረንጆች አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. እያልን እንናገራለን። በአገራችን የተፈጸመውን ግን በራሳችን ዘመን እንናገራለን።

ሶፍትዌር ምን ማለት ነው?

አንዲት የሸማ ተራ ነጋዴ አንድ ልጅ ጠርተው ወረቀት ሰጡት እንበል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «በርበሬ ተራ ሂድ። 5 ኪሎ በርበሬ ግዛ። ዋጋው ከሰጠሁህ ገንዘብ ከበለጠ ግን አትግዛ። ተመልሰህ ና።» ልጁ ታዛዥ ነው። ከወረቀቱ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ አንዲት ቃልም አይቀንስም። ታዲያ ሴትዮዋ በ5 ፈንታ ተሳስተው 50 ቢጽፉና ገንዘቡ ቢበቃ፣ ልጁ 50 ኪሎ አሸክሞ ይመጣል። «እትዬ፣ ይህን ሁሉ በርበሬ ምን ያደርጉታል?» ብሎ አይጠይቅም።

ኮምፒዩተር ማለት እንዲህ ያለ ልጅ ነው። በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክም ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የምንነካው አካሉ፣ ማለት ብረቱ፣ መስተዋቱና ሽቦው ሃርድዌር ይባላል። ወረቀቱ፣ ማለት የተጻፈለት ትእዛዝ ደግሞ ሶፍትዌር ይባላል። ስለዚህ ሶፍትዌር ከብረት የተሠራ ዕቃ ሳይሆን ጽሑፍ ነው። እናንተ ፊደል ቆጥራችሁ ማመልከቻ እንደምትጽፉ ሁሉ፣ ሶፍትዌርንም ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ይጽፈዋል።

የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች

ለማሽን የሚሆን ትእዛዝ ጽፋ በማሳተም ስሟ በታሪክ ቀድሞ የሚነሣው እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ ናት። ጊዜው 1843 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይኸውም ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 12 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቻርልስ ባቤጅ የሚባል የአገሯ ሰው በጥርስና በመዘውር የሚሠራ ትልቅ የሒሳብ ማሽን አቅዶ ነበር። አዳ ማሽኑ አንድ ከባድ ስሌት እንዴት ሊያከናውን እንደሚችል ደረጃ በደረጃ ጻፈች። ማሽኑ ግን ተሠርቶ ሳያልቅ ቀረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጽሑፉ ከማሽኑ ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። አዳ ሌላም ቁም ነገር ተናግራለች። ማሽኑ አዲስ ነገር አመንጪ ነኝ ማለት እንደማይችልና የሚሠራው እኛ ልናዝዘው የምናውቀውን ብቻ እንደሆነ አስረድታለች።

ሁለተኛዋ አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር ናት። የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ በኋላም በባሕር ኃይል አገለገለች። በእርሷ ዘመን ለማሽን የሚጻፈው ትእዛዝ ቁጥርና ምልክት ብቻ ስለነበረ፣ ከጥቂት ሊቃውንት በቀር ሊያነበው የሚችል ሰው አልነበረም። ሆፐር «ሰው በሚገባው ቃል ይጻፍ፤ ወደ ቁጥር የመመለሱን ሥራ ማሽኑ ራሱ ይሥራ» አለች። ብዙዎች አይሆንም አሏት። እርሷ ግን በ1952 እ.ኤ.አ. እንዲህ ወዳለው ሥራ የሚያደርስ ተርጓሚ ሶፍትዌር ሠራች። በዚህ ሐሳብ መሠረት በ1959 እ.ኤ.አ. ኮቦል የሚባል የኮምፒዩተር መጻፊያ ቋንቋ ተዘጋጀ። በዓለም ላይ ዛሬም በኮቦል በተጻፈ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባንኮች አሉ።

ሆፐር ከምትሠራበት ቡድን ጋር የሚነገር አንድ አስቂኝ ነገር አለ። በ1947 እ.ኤ.አ. ማሽኑ አልሠራ አለ። ከፍተው ቢያዩት አንዲት የእሳት ራት በውስጡ ገብታ ሞታለች። ሠራተኞቹም የእሳት ራቷን በመዝገባቸው ላይ ለጥፈው ምክንያቱን ጻፉ። የሶፍትዌር ስሕተት በእንግሊዝኛ ነፍሳትን በሚያመለክት ቃል «ባግ» ይባላል። ቃሉ ከዚያ በፊትም በመሐንዲሶች ዘንድ ይነገር ነበር። ለእኛ ግን ትምህርት የሚሆነው የመዝገቡ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ጥፋቱን አልደበቁትም። ጽፈው አስቀመጡት።

የአንዲት ምልክት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነም ታሪክ ያሳየናል። በሐምሌ ወር 1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ማሪነር 1 የምትባል መንኮራኩር ወደ ቬኑስ ላኩ። ከተጻፈው ትእዛዝ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ተዘልላ ነበር። መንኮራኩሯ መንገዷን ስለሳተች፣ በተነሣች በ5 ደቂቃ ውስጥ ሆን ብለው አጋዩዋት። እናንተም ይህን ታውቁታላችሁ። «ተቀበልኩ» በሚለውና «ተቀበሉ» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደልና አንዲት ቅጥል ናት። በዱቤ መዝገብ ላይ ግን ባለ ዕዳው ማን እንደሆነ የምትለየው እርሷ ናት።

ፊደላችን ወደ ማሽን ለመግባት ያየው አበሳ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እንግሊዝኛ 26 ሆሄያት አሉት። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት ነው። በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ሏ፣ ሟና ቋ ያሉት ዲቃላዎች፣ የግዕዝ አኃዞች፣ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ፈረንጅ የሠራው የጽሕፈት መኪና ይህን ሁሉ የሚሸከም ቁልፍ አልነበረውም።

በዚህ ረገድ ስማቸው በክብር የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት ቀድመው የደከሙት እርሳቸው ናቸው። ዘዴው ፊደሉን መቆራረጥ ነበር። በመጀመሪያ ግዕዙ ይመታል፤ ቀጥሎ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥል ለብቻው ይመታና ከጎኑ ይለጠፋል። ሥራው ተሠራ፤ መሥሪያ ቤቶችም ጻፉበት። የፊደሉ መልክ ግን ከብራናው ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር የተጎሳቆለ ሆነ። በዚያው ዘመን «ፊደላችን በዛ፤ ይቀነስ፤ ይሻሻል» የሚል ክርክር በሊቃውንት መካከል ተነሥቶ ነበር። አንዱ ምክንያት ይኸው የማሽን ነገር ነው። ማሽኑ ከፊደሉ ጋር እንዲስማማ ከማድረግ ይልቅ ፊደሉን ከማሽኑ ጋር ለማስማማት ታሰበ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ኮምፒዩተር በብረት ቁልፍ ብዛት አይወሰንም። ከተጻፈለት የፈለገውን ያህል ፊደል ሊያውቅ ይችላል። ታዲያ ማን ይጻፍለት? ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ የተገኙት በውጭ አገር ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ነው። አቶ ፍሥሐ አትላው በካሊፎርኒያ መሐንዲስ ሲሆኑ ዳሸን ኢንጂነሪንግ የተባለ ድርጅት አቋቁመው የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሶፍትዌር ሠሩ። ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በኮሎራዶ ሆነው ሞዴት የተባለውን የፊደል መጻፊያ አዘጋጁ። ይህ ሁሉ የሆነው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የእንስሳት ሐኪም ሶፍትዌር ይጽፋል ወይ ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ይጽፋል። ፊደሉ የጎደለበት ሰው «ባለሙያው ይምጣ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ቀጥሎም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አቶ ይትና ፍርድይወቅና አቶ ዳንኤል ያዕቆብ ሌላ መላ አመጡ። የእኛ ፊደል በሌለበት ማሽን ላይ አማርኛን በላቲን ሆሄያት በተወሰነ ሕግ መጻፍ የሚያስችል ሥርዓት ነው። ለምሳሌ «ሰላም» የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል በ5 የላቲን ሆሄያት ይጻፋል፤ ሶፍትዌሩም አንብቦ ወደ ፊደላችን ይመልሰዋል። ሥርዓቱ ሴራ ይባላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የ«ሰ»ን ድምፅ ተጭነው ቀጥሎ «አ»ን ሲጨምሩ «ሳ» የሚወጣው በዚሁ ዓይነት ሐሳብ ነው።

በአገር ውስጥም እንደ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች ወጡ። የሠርግ ጥሪ፣ ማመልከቻና የንግድ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር ይጻፍ ጀመር። ብዙ ሰው ግን ሶፍትዌሩን ገዝቶ ሳይሆን ከጎረቤት ገልብጦ ይጠቀምበት ነበር። በዚህም የተነሣ ጸሐፊዎቹ የድካማቸውን ያህል አላገኙም።

እያንዳንዱ ለየራሱ የቆጠረበት ዘመን

አሁን ስለ አንድ ትልቅ ውድቀት እንናገራለን። ኮምፒዩተር በውስጡ ፊደል የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን ሲያገኝ ሥዕሉን ያወጣል። በዚያ ዘመን አንድ የፊደል ገበታ ከ256 በላይ ቁጥር አይዝም ነበር። የእኛን ፊደል ሁሉ ለማስገባት ገበታው ለሁለትና ከዚያ በላይ መከፈል ነበረበት። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። አንዱ ለ«መ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለ«ጠ» ሰጠው።

ውጤቱ ምን ሆነ? መርካቶ ላይ ስሙና ቁጥሩ እንደየደላላው የሚለዋወጥ መደብር ቢኖር ምን እንደሚሆን አስቡ። አንዱ ደላላ «12 ቁጥር ሂድ፤ ጨርቅ አለ» ይላል። ሌላው 12 ቁጥር የሚለው የቆርቆሮውን ሱቅ ነው። ገዢው ጨርቅ ብሎ ሄዶ ከቆርቆሮ ፊት ይቆማል። እንደዚሁ ሁሉ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ መሥሪያ ቤት ደርሶ ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ቋንቋው አንድ፣ ፊደሉ አንድ፣ አገሩም አንድ ሳለ መነባበብ ጠፋ። በዚያ ዘመን የተጻፉ መዛግብት የተጻፉበት ሶፍትዌር ከሌለ ዛሬም አንባቢ ያስቸግራሉ።

ሠሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ጎበዞች ነበሩ። ማን ቀደመ፣ ማን በለጠ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል። የጎደለው ጉብዝና ሳይሆን ተቀምጦ መስማማት ነበር። እያንዳንዱ በየቤቱ ጎበዝ ሆኖ ሥራው ግን በአደባባይ ሳይገናኝ ቀረ።

ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ተራ

መፍትሔው የመጣው ከዓለም አቀፍ ስምምነት ጋር ነው። ዩኒኮድ የሚባል ድርጅት የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ ቆጥሮ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ቁጥር ለመስጠት ተነሣ። የመጀመሪያው መዝገብ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የግዕዝ ፊደል አልነበረበትም። ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች ብዙ ከደከሙና ከተከራከሩ በኋላ፣ በመስከረም ወር 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትም ላይ ፊደላችን ገባ። የተመዘገቡት ሆሄያት፣ አኃዞችና ነጥቦች በጠቅላላው 345 ናቸው።

የመርካቶ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በርበሬ በበርበሬ ተራ፣ ሸማ በሸማ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ በምናለሽ ተራ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ፊደሉም ዛሬ የታወቀ ተራ አለው። «ሀ» 4608ኛ ነው። «ሁ» 4609ኛ፣ «ሂ» 4610ኛ እያለ ይቀጥላል። «አ» 4768ኛ ነው። አራት ነጥብ እንኳ ሳትቀር 4962ኛ ናት። «መርካቶ» ብላችሁ በስልክ ስትልኩ የሚሄደው 4632፣ 4653፣ 4779፣ 4726 ነው። በአዲስ አበባ ቢሆን፣ በጎንደር ቢሆን፣ በዋሽንግተን ቢሆን የተቀበለው ስልክ እነዚህን ቁጥሮች አይቶ መ፣ ር፣ ካ፣ ቶ ብሎ ያወጣል። በእናንተ ደብተር ላይ ያለው ፊደል የዓለም መዝገብ ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ተከተሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ ከሚባል የፊደል ቅርጽ ጋር ስለመጣ፣ አማርኛ ለማንበብ ሌላ ሶፍትዌር መግዛት ቀረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የጉግል ተርጓሚ አማርኛን ጨመረ።

ይሁን እንጂ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁሉም አልገባም ነበር። ከእናንተ መካከል በቤታችሁ ጉራጊኛ የምትናገሩ ብዙዎች ናችሁ። ለሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋ የሚያስፈልጉ አንዳንድ ፊደላት በመጀመሪያው ምዝገባ ቀርተው ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ከብሊንና ከምዕን ፊደላት ጋር ተመዘገቡ። ለጉራጌ ቋንቋዎች አዲስ አጻጻፍ የሚያስፈልጉት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ተጨመሩ። አንድ ፊደል በመዝገቡ ከሌለ፣ ሰው እናቱ የምትናገረውን ቋንቋ በስልኩ መጻፍ አይችልም። ፊደሉን ማሽኑ ጠልቶት አይደለም፤ ያልተጻፈለት ስለሆነ ነው። አቅርቦ የሚከራከር ሰው ሲገኝ ግን ይጻፍለታል።

የዘመንና የሰዓት ነገር

ማሽን ያልተጻፈለትን እንደማያውቅ የሚያሳየን ሌላው ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። የቀድሞ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ ይጽፉ ነበር። 1999ን 99 ይሉታል። 2000 ሲመጣ 00 ይሆናል፤ ማሽኑም 1900 ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ዓለም በጣም ተጨንቆ፣ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ሶፍትዌሩን አስተካከለ፤ የተፈራው ትልቅ ጥፋትም ሳይደርስ ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን በእኛ አገር ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። የእኛ 2000 ገና 7 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይቀረው ነበር።

ማሽኑ ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ካልተጻፈለት በቀር 13ኛ ወር መኖሩንም አያውቅም። በጳጉሜን የተወለደ ሰው በውጭ አገር የተሠራ ቅጽ ሲሞላ ወሩን ያጣዋል። ስለዚህ ልደታችሁን ስታስመዘግቡ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ማስረጃዎች ይዞ መንከራተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ስልካችሁ ጠዋት 8 ሲል እኛ 2 ሰዓት እንላለን። የጉዞ ትኬት ስትቆርጡ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

ስሕተቱ ሕይወት ሲያስከፍል

እስካሁን የተናገርነው ስሕተት ቢበዛ ወረቀት ያበላሸ ነው። አሁን ግን ልብ የሚሰብረውን እንናገራለን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በተነሣ በ6 ደቂቃ ገደማ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት ወር 2018 እ.ኤ.አ.፣ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች አለቁ።

ምክንያቱን እንይ። በአውሮፕላኑ ውስጥ አዲስ ሶፍትዌር ነበረ። ትእዛዙ ባጭሩ «አፍንጫው ከልክ በላይ ወደ ሰማይ ከቀና ወደ ታች ግፋው» የሚል ነው። መቅናት አለመቅናቱን የሚነግሩ ሁለት መለኪያዎች በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ አሉ። ሶፍትዌሩ ግን እንዲሰማ የተጻፈለት የአንዱን መለኪያ ቃል ብቻ ነበር። ያ መለኪያ የተሳሳተ ነገር ተናገረ። ሶፍትዌሩም እንደ ታዛዡ ልጅ የተጻፈለትን ፈጸመ፤ አፍንጫውን ወደ መሬት ደጋግሞ ገፋው። አብራሪዎቹ ወደ ላይ ይስባሉ፤ እርሱ ወደ ታች ይገፋል። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ይህ ሶፍትዌር መኖሩ ለአብራሪዎች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር።

በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ከባድ ፍርድ ባይፈረድ ይመረጣል። ይህ ሶፍትዌር ግን በአንድ ምስክር ፈረደ። ከአደጋው በኋላ የአውሮፕላኑ ዓይነት በመላው ዓለም እንዳይበር ታገደ። ሶፍትዌሩም ሁለቱንም መለኪያዎች እንዲያነጻጽር ሆኖ እንደገና ተጻፈ። በአሜሪካ እገዳው የተነሣው በኅዳር ወር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ቦይንግም ስለ ሶፍትዌሩ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት በማታለል ተከስሶ፣ በጥር ወር 2021 እ.ኤ.አ. ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ገንዘብ ግን የሞተን አያስነሣም። «ማሽኑ ነው» የሚለው ቃል ለሟች ቤተሰብ መልስ አይሆንም። ማሽኑን ማን ጻፈው? ማን መረመረው? ማን አውቆ ዝም አለ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የገንዘብ ነው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት ላይ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ስሕተት ተፈጠረ። ሰዎች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ካወጡት መካከል እንደ እኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። ባንኩ ያለ አግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ነገሩ ሰርጎ ገቦች ያደረሱት ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ስሕተት መሆኑንም አስታወቀ።

«ማሽኑ ሰጠኝ፤ ምን ጥፋት አለብኝ?» ያሉ ነበሩ። ማሽኑ ግን የሰጠውን ሁሉ ከነስም፣ ከነሰዓት ይመዘግብ ነበር። ባንኩ ሰዎቹን እየለየ መልሱ አለ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። መርካቶ ይህን ሕግ ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀዋል። ነጋዴ ተሳስቶ መልስ ቢያበዛላችሁ ገንዘቡ የእናንተ አይሆንም። የተሳሳተው እጅም ሆነ ማሽን፣ የሰው ገንዘብ የሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ የተናገርነው ለወሬ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ላይ የምታውሉት እንዲሆን ነው።

አንደኛ፣ በስልክ የመጣላችሁን መልእክት ራሳችሁ አንብቡ። ለልጅ ወይም ለማታውቁት ሰው ሰጥታችሁ «ምን ይላል?» አትበሉ። የላከው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ ዜሮዎቹ ስንት እንደሆኑ እዩ። የተጭበረበረ መልእክት አሳይተው ዕቃ ጭነው የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ ገዢው ባሳያችሁ ስልክ ሳይሆን በራሳችሁ ሒሳብ ላይ ገንዘቡ መግባቱን ሳታረጋግጡ ዕቃ አትስጡ።

ሁለተኛ፣ የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ በስልኩ ጀርባም አትጻፉት።

ሦስተኛ፣ «ሲስተም ነው» ተብላችሁ ጉዳያችሁ ሳይፈጸም ከተመለሳችሁ፣ በትሕትና ነገር ግን ሳትፈሩ ጠይቁ። ምን እንደተበላሸ፣ መቼ እንደሚስተካከል፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ሲስተም ጂኒ አይደለም። የጻፈው ሰው አለ፤ ሊያርመውም የሚችል ሰው አለ።

አራተኛ፣ የራሳችሁን መዝገብ አትተዉ። በደብተራችሁ የሰጣችሁትንና የተቀበላችሁትን ጻፉ። ሁለት መለኪያ ከአንድ መለኪያ እንደሚሻል ከአውሮፕላኑ ተምረናል። የባንኩ መዝገብ አንዱ ነው፤ የእናንተ ደብተር ሁለተኛው ይሁን።

አምስተኛ፣ ልጆቻችሁ ሶፍትዌር እንጻፍ ካሉ አታጣጥሉባቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ለፊደላችን እንደጻፈ አይታችኋል። የበርበሬ ነጋዴ ልጅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ፣ ጳጉሜንን የሚያውቅ፣ በ2 ሰዓት ጠዋት የሚል ሶፍትዌር ቢጽፍ ገበያውን የሚያውቅ ሰው ጻፈው ማለት ነው። ሲጽፉ ግን የቀደሙት የተሰናከሉበትን ያስታውሱ። ለየብቻ ቆጥረው አይለያዩ፤ ጥፋት ሲያገኙም እንደ ሆፐር ጓደኞች በመዝገብ ላይ ይለጥፉት እንጂ አይደብቁት።

ወገኖቻችን፣ ፊደል ባልቆጠራችሁበት ጊዜ የውል ወረቀት ሲቀርብላችሁ በጣት ትፈርሙ ነበር፤ ውሉ የሚለውን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነበር። ዛሬ ውሉን ታነባላችሁ። ሶፍትዌርም ሌላ ሰው የጻፈው፣ እኛ በየቀኑ የምንፈርምበት ውል ነው። ሁላችንም ጸሐፊዎች ላንሆን እንችላለን። አንባቢና ጠያቂ መሆን ግን የሁላችንም ድርሻ ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሃርድዌርና በሶፍትዌር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በበርበሬ ተራው ልጅ ምሳሌ አስረዱ።
2. የፊደል ሶፍትዌር ሠሪዎች ጎበዞች ሆነው ሳለ ሥራቸው መነባበብ ያልቻለው ለምንድን ነው?
3. በስልካችሁ ላይ ስማችሁን ጻፉ። በቤት ቋንቋችሁ ለመጻፍ የጎደለባችሁ ፊደል አለ?
4. የበረራ 302 አደጋ ሲነሣ «ማሽኑ ተሳሳተ» ማለት ለምን አይበቃም?
5. ባለፈው ወር «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የተመለሳችሁበት ቀን አለ? ብትጠይቁ ኖሮ ምን ብላችሁ ትጠይቁ ነበር? ጥያቄውን በደብተራችሁ ጻፉት።